ሮም ለሚሄድ ሐበሻ፦ የሚበላውና የሚታየው

ታላቅ እህቴ ሮም ትኖራለች። እሷን ልጠይቅ ስመላለስ ከተማዋን ቀስ በቀስ ለመድኳት። አሁን ከዘመድም ከጓደኛም ወደዚያ የሚሄድ ሰው ሲኖር ስልኩ ወደ እኔ ነው። ጥያቄውም አንድ ዓይነት ነው። «አሳማ የሌለበት ምን ይበላል? ረቡዕና ዓርብስ ምን ልሆን ነው?» ቀጥሎ ደግሞ «ከኮሎሲየምና ከቫቲካን ሌላ ምን ልይ?» ይመጣል። ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ከምደግም አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስጠቀም «ዓ.ም.» እላለሁ።

ከሆድ እንጀምር።

የሮም ሰው የሚኮራባቸው አራት ፓስታዎች አሉ፤ ካርቦናራ፣ አማትሪቻና፣ ግሪቻ እና ካቾ ኤ ፔፔ። ከአራቱ በሦስቱ ውስጥ ጓንቻሌ ይገባል። ጓንቻሌ በጨውና በቁንዶ በርበሬ ታሽቶ የደረቀ የአሳማ ጉንጭ ነው። በተለይ አማትሪቻናን ልብ በሉ። ቀይ ሆኖ ሲቀርብ ተራ የቲማቲም ፓስታ ይመስላል። ስጎው ግን የሚሠራው በአሳማው ስብ ነው።

አሳማ የማይበላ ሰው ካቾ ኤ ፔፔን ይዘዝ። የሚገባበት ፔኮሪኖ የሚባል የበግ ወተት አይብ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ከዚያ ፓስታው የተቀቀለበት ውሃ ነው። ቅቤም ክሬምም የለውም። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አይቡ ሳይጓጉል ከውሃው ጋር እንዲዋሃድ የበሰለ እጅ ይጠይቃል። በደንብ የተሠራ ካቾ ኤ ፔፔ ያገኘሁ ቀን ሌላ ነገር አያምረኝም።

ከመሄዳችሁ በፊት «ሴንሳ ማያሌ» የምትለዋን በቃላችሁ ያዙ፤ አሳማ የሌለበት ማለት ናት። ለጾም ቀን ደግሞ «ሴንሳ ካርኔ፣ ሴንሳ ፎርማጆ፣ ሴንሳ ኡኦቮ» ትላላችሁ፤ ያለ ሥጋ፣ ያለ አይብ፣ ያለ እንቁላል። ይህ ሁሉ ከረዘመባችሁ «ቬጋኖ» ብላችሁ ጠይቁ። አስተናጋጁ ወዲያው ይገባዋል።

ሮም ለጾመኛ የተመቸች ናት ስል ሰው አያምነኝም። ግን እውነቴን ነው። ዋናው ቁም ነገር የፓስታው ዓይነት ነው። ስፓጌቲ፣ ሪጋቶኒ፣ ፔኔ የመሳሰሉት ደረቅ ፓስታዎች ከስንዴና ከውሃ ነው የሚሠሩት። ፌቱቺኒ፣ ላዛኛ፣ ራቪዮሊና ሌሎቹ እርጥብ ፓስታዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ እንቁላል አለባቸው። በጾም ቀን ደረቁን ያዙ። ከደረቁ ውስጥ ደግሞ ፔኔ አላራቢያታ የሮም የራሷ ምግብ ነው። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የደረቀ ሚጥሚጣ መሰል ቃሪያና የወይራ ዘይት አለው። የሚያቃጥል ነገር ለለመደ ሰው ደስ ይላል። አይብ ከላይ እንዳይነሰንሱበት ብቻ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ስፓጌቲ አልዮ ኦልዮ ኤ ፔፔሮንቺኖም አለ፤ እሱ በነጭ ሽንኩርት፣ በዘይትና በቃሪያ ብቻ ነው።

ፒዛ ከፈለጋችሁ ማሪናራ እዘዙ። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ነው፤ አይብ የለውም። ከጎን ቺኮሪያ ሪፓሳታ ጨምሩበት። ቅጠሉ መጀመሪያ ይቀቀላል፤ ከዚያ በዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ይጠበሳል። ትንሽ ይመራል፤ ጎመን የናፈቀው ሰው ግን በዳቦ እያጠቀሰ ሳህኑን ይጠርገዋል። የባቄላና የሽምብራ ሾርባ ስታዩ ግን አትቸኩሉ። ጾም ይመስላል፤ ብዙ ቤቶች ግን የአሳማ ቆዳ ወይም ስብ ጣል ያደርጉበታል። ጠይቁ።

አሁን ደግሞ ማንም የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። የሮም ምግብ ቤቶች ወጥ ቤታቸውን የሚከፍቱት በእኛ ሰዓት ከቀኑ 6፡30 ገደማ ነው። 9 ሰዓት ሲሆን ይዘጉና ማታ 1፡30 ላይ እንደገና ይከፍታሉ። እንግዲህ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ልክ ሊበላ ሲቀመጥ ምድጃው ይጠፋበታል። መፍትሔው ፒዛ አል ታሊዮ የሚሸጡት ቤቶች ናቸው። ብዙዎቹ ቀኑን ሙሉ ሳይዘጉ ይሠራሉ። ፒዛው በትልቅ ትሪ ተጋግሮ በመስታወት ውስጥ ተደርድሯል። የምትፈልጉትን ያህል በእጃችሁ ታሳያላችሁ፣ ይቆርጡላችኋል፣ ይመዝኑታል፣ ዋጋው በክብደት ነው። ፒዛ ሮሳ የሚባለው ቲማቲም ብቻ የተቀባ ነው። ፒዛ ቢያንካ ደግሞ ዘይትና ጨው ነው። ካምፖ ዴ ፊዮሪ አደባባይ ጥግ ላይ ያለው ዳቦ ቤት፣ ፎርኖ ካምፖ ዴ ፊዮሪ፣ ሁለቱንም ትኩስ ትኩሱን ያወጣል። በቫቲካን ሙዚየም በኩል ከሆናችሁ ቺፕሮ ሜትሮ ጣቢያ አጠገብ ጋብሪዬሌ ቦንቺ በ2003 የከፈተው ፒዛሪየም አለ። እዚያ ሊጡ ወፍራምና ቀላል ነው፤ ከላዩ የሚደረገው አትክልት በየቀኑ ይለዋወጣል። ሰልፍ ይኖራል፤ ቁሙለት።

ለጾምም ለፍስክም፣ አሳማ ለማይበላ ሁሉ ደግሞ የአይሁዶች ሠፈር አለ። ጌቶ ይሉታል። አይሁዶች ሮም ውስጥ ከ2000 ዓመት በላይ ኖረዋል። በ1555 በጳጳሱ ትእዛዝ በግንብ ታጥረው እንዲኖሩ የተደረጉት እዚህ ነው። ዛሬ ቪያ ዴል ፖርቲኮ ዶታቪያ የምትባለው መንገድ ግራና ቀኝ የኮሸር ምግብ ቤቶች ናቸው። ኮሸር በሆነ ቤት አሳማ የሚባል ነገር አይገባም። ሥጋ የሚያቀርቡት ወተትና አይብ አያቀርቡም፤ ወተትና አይብ ያላቸው ደግሞ ሥጋ የላቸውም። ካርቦናራ ምን ዓይነት ምግብ እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ሰው እዚህ በበሬ ሥጋ የተሠራውን ማግኘት ይችላል። ምናሌው በር ላይ ስለሚለጠፍ አንብባችሁ ግቡ፤ ኮሸር መሆኑንም አረጋግጡ። እዚያው መንገድ ላይ ኮሸር ያልሆኑም አሉ።

የዚህ ሠፈር ዝነኛ ምግብ ካርቾፊ አላ ጁዲያ ነው። አርቲቾክ የሚባለው አትክልት ሙሉውን በዘይት ሁለቴ ይጠበሳል። ሲወጣ እንደ አበባ ተከፍቶ ቅጠሉ እየተንኮሻኮሸ ይበላል። ጨውና ዘይት እንጂ ሌላ ነገር የለውም። ደግሞ ወቅቱን እዩልኝ፤ የሮማ አርቲቾክ የሚደርሰው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ነው፤ ልክ በሁዳዴ። እኔ እሱን በበላሁበት ወቅት ጾሙ ጾም አልመሰለኝም። ፍስክ ከሆነ ደግሞ ከዚያው መንገድ ቦቾኔ ከሚባለው አሮጌ ዳቦ ቤት የሪኮታ አይብና የቼሪ ኬክ ግዙ። ቤቱ በሩ ላይ ስም እንኳ የለውም፤ ሰልፉን አይታችሁ ታውቁታላችሁ። ቅዳሜ ዝግ ነው።

ሙስሊም ለሆናችሁ፣ በፒያሳ ቪቶሪዮ አካባቢ ሐላል ሥጋ ቤቶችና ምግብ ቤቶች በብዛት አሉ። በስተሰሜን ደግሞ በ1995 የተከፈተው ታላቁ የሮም መስጊድ አለ። ለመስገድ ባትሄዱም ሕንፃውን ማየት ብቻ ያስደስታል። ምሰሶዎቹ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ወደ ላይ እየተከፈሉ ጣሪያውን ይይዛሉ።

እንጀራ ካማራችሁ ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ብዙ ሳትርቁ በካስትሮ ፕሬቶሪዮ በኩል የሐበሻ ምግብ ቤቶች ታገኛላችሁ። የኤርትራና የኢትዮጵያ ቤቶች ናቸው። እኔ ግን ለጥቂት ቀን የሄደ ሰው የሮምን ምግብ ቢበላ እመርጣለሁ።

ስለ ቡና አጭር ነገር ልበል። ባንኮው ላይ ቆማችሁ ከጠጣችሁ ኤስፕሬሶ ከአንድ ዩሮ ብዙም አይበልጥም። ከተቀመጣችሁ ዋጋው በእጥፍም ከዚያ በላይም ይጨምራል፤ በተለይ ትልልቆቹ አደባባዮች ላይ። አንዳንድ ቤት መጀመሪያ ካሳ በሚሉት የሒሳብ መክፈያ ላይ ትከፍላላችሁ፤ ደረሰኙን ይዛችሁ ወደ ባንኮው ትሄዳላችሁ። ማኪያቶአቸው አዲስ አበባ ከለመድነው ያነሰ ነው፤ በትንሽ ሲኒ፣ ወተቱም ጠብታ ነው። በጾም ቀን ማኪያቶ ያማረው ሰው የአኩሪ አተር ወይም የአጃ ወተት ይጠይቅ፤ አብዛኛው ቡና ቤት አለው። ፓንቴዮን አጠገብ ሁለት ስመ ጥር ቤቶች አሉ። ሳንት ኤውስታኪዮ ከ1938 ጀምሮ ያለ ቤት ነው፤ ቡናውን በእንጨት ይቆላል። ታሳ ዶሮ ደግሞ በበጋ በረዶ የሆነ ቡና ከክሬም ጋር ይሸጣል። ሁለቱም ጋ ቆማችሁ ጠጡ።

አሁን ወደሚታየው።

ኮሎሲየም ላይ ብዙ አልቆይም። ትኬቱን ከሳምንታት በፊት ከመንግሥታዊው ድረ ገጽ ግዙ። ስማችሁ ትኬቱ ላይ ይጻፋል፤ ስለዚህ ፓስፖርት ያዙ። መደበኛው 18 ዩሮ ሲሆን ፎሮ ሮማኖንና ፓላቲኖ ኮረብታን ይጨምራል። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ነፃ ነው፤ ሰልፉ ግን ግማሽ ቀን ይበላል።

ከኮሎሲየም ስትወጡ ወደ ሜትሮው አትሩጡ። በስተጎን ባለ ሦስት በር ትልቅ ቅስት ቆሟል። በ315 ለንጉሥ ቆስጠንጢኖስ የተሠራ ነው። መስቀሉን ያስወጣችው የንግሥት እሌኒ ልጅ ማለት ነው። ለእኛ ግን ሌላም ታሪክ አለው። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው እዚህ ቅስት ሥር ሲደርስ ነው። ቀኑ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ሩጫው አመሻሽ ላይ ከካምፒዶሊዮ ኮረብታ ሥር ተጀመረ። ሲመሽ መንገዱን ችቦ የያዙ ወታደሮች አበሩት። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። የዓለም ክብረ ወሰን ሆነ። ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም 25 ሰከንድ ያህል ቆይቶ ተከተለው። በማግሥቱ አገር ቤት አዲስ ዓመት ነበር። ያን ዜና ሰምቶ ዘመን የተለወጠለት ሰው እንዴት ዕድለኛ ነው እላለሁ።

ከቅስቱ ጀርባ ቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ የምትባል ዛፍ ያላት ሰፊ መንገድ ትጀምራለች። በእግራችሁ ያዟት። ግድግዳው ላይ ለአበበ 50ኛ ዓመት መታሰቢያ የተሰቀለ ጽሑፍ አለ፤ ቀስ ብላችሁ ፈልጉት። በዚያው የ50ኛ ዓመት በዓል፣ በ2010 የሮም ማራቶን፣ ያሸነፈው ሲራጅ ገና የመጨረሻዎቹን 300 ሜትሮች ጫማውን አውልቆ ነው የጨረሰው።

መንገዷን እስከ ታች ስትወርዱ ፒያሳ ዲ ፖርታ ካፔና የሚባል ሰፊ ቦታ ላይ ትወጣላችሁ። ፊት ለፊት ያለው ትልቅ ነጭ ሕንፃ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ፋኦ ነው። ድሮ የጣሊያን የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር እንዲሆን ታስቦ የተጀመረ ሕንፃ ነው። የአክሱም ሐውልት ቆሞ የነበረው ከፊቱ ነው። በ1937 በሙሶሊኒ ትእዛዝ ተጭኖ መጣ። 24 ሜትር ቁመት፣ 160 ቶን ገደማ ክብደት አለው። በ1947ቱ የሰላም ውል ጣሊያን የወሰደችውን ልትመልስ ተስማማች፤ ሐውልቱ ግን እስከ 2005 እዚያው ነበር። ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመለሰና በ2008 አክሱም ላይ ቆመ። አሁን ፖርታ ካፔና ላይ በኒውዮርክ የመስከረሙ 11 ጥቃት ለሞቱት መታሰቢያ የሚሆኑ ሁለት አሮጌ ዓምዶች ናቸው ያሉት።

አበበ በዚያች ምሽት ሞሮኳዊውን ጥሎ የሄደው እዚሁ፣ ሐውልቱ አካባቢ ነው። በዚያን ጊዜ ሐውልቱ ገና እዚያ ነበር። ከተዘረፈው ሐውልት ሥር ተነጥሎ ወደ ቆስጠንጢኖስ ቅስት። አሁን እናንተ የመጣችሁበትን መንገድ ነው ወደ ላይ የሮጠው። ሮም ውስጥ አብልጬ የምወደው ቦታ ይሄ ነው። ሰው የሚሄደው ሐውልት ለማየት ነው። እኛ ደግሞ እዚህ ሐውልቱ አለመኖሩን ለማየት እንሄዳለን፣ ደስም ይለናል። ልጆች ያላችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እዚያው ቆማችሁ ንገሯቸው። በቤት ውስጥ ከሚነገረው ይልቅ ይገባቸዋል።

ከፖርታ ካፔና አጠገብ ቺርኮ ማሲሞ ነው፤ የጥንቱ የሠረገላ ውድድር ሜዳ። ዛሬ ሣር ነው። ሜዳውን ይዛችሁ ወደ አቬንቲኖ ኮረብታ ውጡ። ዳገቱ አጭር ነው። ላይ ስትደርሱ የብርቱካን ዛፍ የሞላበት መናፈሻ አለ፤ ከዚያ ሆናችሁ ከተማዋን ከቴቬሬ ወንዝ ማዶ ታያላችሁ። አጠገቡ ሳንታ ሳቢና ቤተ ክርስቲያን አለ። የእንጨት በሩ ከ5ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ በላዩ ላይ በዓለም ላይ ካሉት ጥንታዊ የስቅለት ምስሎች አንዱ ተቀርጿል። ትንሽ አለፍ ስትሉ የማልታ ባላባቶች በር ጋ ሰዎች ተሰልፈው በቁልፍ ቀዳዳ ሲያዩ ታገኛላችሁ። በቀዳዳው የቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት መሐል ለመሐል ይታያል። ይህ ሁሉ በነፃ ነው።

ከአቬንቲኖ በሌላው ወገን ስትወርዱ ቴስታቾ ናችሁ። እስካሁን መራብ አለባችሁ፤ ደግሞም ቦታው እሱ ነው። ቀኑ ፍስክ እንዲሆን አድርጉ። ቴስታቾ የሮም ቄራ የነበረበት ሠፈር ነው። ቄራው ከ1890ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1975 ሠርቷል። ሥጋው አራት ብልት ሆኖ ለባለጠጋው ሲሄድ፣ ሠራተኞቹ ጭንቅላት፣ ጅራት፣ ጨጓራና አንጀት ይደርሳቸው ነበር። «አምስተኛው ብልት» ይሉታል። ሚስቶቻቸውና የሠፈሩ ወጥ ቤቶች ከዚያ የሠሩት ምግብ ዛሬ የሮም ኩራት ነው። ትሪፓ አላ ሮማና ጨጓራ ነው፤ በቲማቲም፣ በናና መሰል ቅጠልና በፔኮሪኖ ይሠራል። ኮዳ አላ ቫቺናራ የበሬ ጅራት ነው፤ ከአጥንቱ እስኪላቀቅ ለሰዓታት በቲማቲምና በሴለሪ ይበስላል። ፓያታ ደግሞ ወተቱ ከውስጡ ሳይወጣ የሚበስል የጥጃ አንጀት ነው። በእብድ ላም በሽታ ምክንያት በ2001 ታግዶ ነበር፤ በ2015 ተፈቀደ። ዱለትና ጨጓራ እየበላ ያደገ ሰው እዚህ ባዕድነት አይሰማውም። አንዳንድ ቤት ጨጓራውም ጅራቱም ላይ የአሳማ ስብ ስለሚጨምር «ሴንሳ ማያሌ»ን አትርሱ።

ቁጭ ብላችሁ መብላት ካልፈለጋችሁ ቴስታቾ ገበያ ግቡ። በ2012 ከድሮው ቦታ ተነስቶ ወደ ቄራው ፊት ለፊት የመጣ ንጹሕ ገበያ ነው። ሥጋ ቤቱ፣ አትክልቱ፣ ጫማው ሁሉ አለ። መሐሉ ላይ ሞርዲ ኤ ቫይ የሚባል ቦታ የተቀቀለ የበሬ ሥጋ በዳቦ ይሸጣል። ዳቦውን መረቁ ውስጥ ነክሮ ነው የሚሰጣችሁ። እሑድ ገበያው ዝግ ነው፤ በሌላውም ቀን ከሰዓት በኋላ ቶሎ ይዘጋል። ትራፒዚኖ የተወለደውም እዚሁ ሠፈር በ2008 ነው። ሦስት ማዕዘን የሆነ የፒዛ ዳቦ ኪስ ይመስላል፤ ውስጡ ወጥ ይሞላበታል። ማታ ከሆነ ዳ ሬሞ ሄዳችሁ ስስ የሆነውን የሮማ ፒዛ ብሉ።

ይህን ሁሉ፣ ከኮሎሲየም እስከ ቴስታቾ፣ በአንድ ቀን በእግር ትጨርሱታላችሁ። ሰዓት ከሌላችሁ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ይህችን አንዷን ቀን ያዙ።

ቫቲካን ሌላ ቀን ነው። የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ መግቢያ ነፃ ነው፤ ፍተሻው ግን ሰልፍ አለው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ይከፈታል፤ ያኔ ድረሱ። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው። ሴቶች ነጠላ በቦርሳችሁ ያዙ፤ ነጠላ እዚያ በር ላይ ከሚሸጡት ጨርቆች ይሻላል። እንደገባችሁ በስተቀኝ የሚክላንጄሎ ፒዬታ አለ፤ ድንግል ማርያም የልጇን ሥጋ ታቅፋ። ጉልላቱ ላይ መውጣት ከቻላችሁ ውጡ። ደረጃው 551 ነው፤ በአሳንሰር ግማሽ ያህሉን መቀነስ ይቻላል። አናቱ ላይ ሆናችሁ ወደ ቫቲካን የአትክልት ሥፍራ ዙሩ። እዚያ ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያ ኮሌጅ አለ። በ1919 የተመሠረተ የካቶሊክ ቀሳውስት ትምህርት ቤት ነው። ከባዚሊካው ጀርባ ደግሞ በሐበሾች ስም የሚጠራ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ።

ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ከአገራችን በኢየሩሳሌም በኩል በእግርና በመርከብ የመጡ መነኮሳት የኖሩት እዚያ ነው። በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ ሮም ውስጥ በ1513 ነው የወጣው። አባ ተስፋ ጽዮን የሚባሉት የእኛ መነኩሴ ደግሞ በ1548 የግዕዝ ሐዲስ ኪዳን እዚሁ አሳተሙ። ፊደላችን መጀመሪያ በማተሚያ ላይ የተቀመጠበት ከተማ መሆኑን እያሰባችሁ ተራመዱ። ቤተ ክርስቲያኑ እንደ ሌላው ለጎብኚ ሁሌ ክፍት አይደለም። በቫቲካን ሙዚየም በኩል የአትክልት ሥፍራውን ጉብኝት ከያዛችሁ ወደዚያ ትቀርባላችሁ።

ሙዚየሙ እሑድ ዝግ ነው፤ የወሩ የመጨረሻ እሑድ ብቻ በነፃ ይከፈታል። ሲስቲን ጸሎት ቤት ውስጥ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፤ ጥበቃዎቹ ይቆጣሉ። ግድግዳው ዳር አግዳሚ አለ። ቦታ ጠብቃችሁ ተቀመጡና ቀና በሉ።

በቴርሚኒ በኩል ስታልፉ ደግሞ ከጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኴቼንቶ፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። አምስት መቶዎቹ በ1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ጥቂት እልፍ ብሎ የመታሰቢያ ሐውልታቸው አለ። ከአዲስ አበባ የተዘረፈው የይሁዳ አንበሳም እስኪመለስ ድረስ እዚያ ነበር። ዘርዓይ ደረስ የተነሳውም በዚያው ነው። ሳን ጆቫኒ በኩል ደግሞ ቪያ ዴል አምባ አራዳም የምትባል መንገድ አለች። አባቶቻችን በ1928 ዓ.ም. የተዋጉበት አምባ ነው። ሺህ ሰው በየቀኑ ይመላለስባታል። እናንተ ስታልፉ ግን አውቃችሁ እለፉ።

እዚያው ሳን ጆቫኒ አጠገብ ቅድስት እሌኒ ከኢየሩሳሌም አመጣቻቸው የሚባሉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ስካላ ሳንታ ነው፤ ሰው በጉልበቱ የሚወጣቸው 28 ደረጃዎች። ሌላው በሳንታ ክሮቼ ቤተ ክርስቲያን የሚገኘው የመስቀሉ ግማድ ነው። እናታችንን ሮም ስናመጣት ከሁሉም በላይ የወደደችው ይህን ነው፤ የእናንተንም እናት ውሰዷት።

ሌላውን በፍጥነት ልለፈው። ፓንቴዮን 5 ዩሮ ነው፤ ጣሪያው መሐል ክፍት ነው፣ ዝናብ ሲዘንብ ወለሉ ላይ ይወርዳል። አጠገቡ ሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ በሚባል ቤተ ክርስቲያን የካራቫጆ ሦስት ሥዕሎች በነፃ ይታያሉ። ትሬቪ ፏፏቴን ሌሊት ሊነጋጋ ሲል እዩት፤ ቀን ላይ ከሰው ጀርባ ሌላ አታዩም።

እሑድ ካጋጠማችሁ በ118 ቁጥር አውቶቡስ ወደ ቪያ አፒያ አንቲካ ሂዱ። በ312 ቅድመ ልደት የተጀመረ መንገድ ነው። አበበም የሩጫውን የመጨረሻ ክፍል የሮጠው በዚህ ላይ ነው። ድንጋዩን በእግራችሁ ስትረግጡት በጫማም ይከብዳል። የጥንት ክርስቲያኖች መቃብር፣ ካታኮምቤ፣ በግራና በቀኝ ነው።

የከተማ ትራንስፖርት ትኬት 1 ዩሮ ከ50 ነው፤ ለ100 ደቂቃ ያገለግላል። አውቶቡስ ውስጥ ማሽኑ ላይ ማስመታት አትርሱ፤ ካልተመታ ቅጣቱ ከባድ ነው። በ64 ቁጥር አውቶቡስና ቴርሚኒ ሜትሮ ውስጥ ቦርሳችሁን ወደ ፊት አድርጉ፤ ኪስ አውላቂ አለ። ውሃ አትግዙ። በየመንገዱ ናሶኒ የሚባሉ የብረት ቧንቧዎች ቀንና ሌሊት ቀዝቃዛ የመጠጥ ውሃ ያፈሳሉ። የቧንቧውን አፍ በጣታችሁ ብትደፍኑት ከላይ ባለችው ቀዳዳ ወደ አፋችሁ ይፈነጥቃል። በር ላይ ቆሞ ግቡ ግቡ የሚል አስተናጋጅና የምግብ ፎቶ ያለበት ምናሌ ያለበትን ቤት እለፉት።

ጊዜ መምረጥ ከቻላችሁ ነሐሴን ተዉት። ሙቀቱ ያዝላል፤ የሠፈር ምግብ ቤቶችም ዘግተው ወደ ባሕር ይሄዳሉ። ጥቅምት ጥሩ ነው፣ መጋቢትም እንዲሁ። በፈረንጅ ፋሲካ ሳምንት የምትሄዱ ከሆነ ግን አልጋችሁን ከወራት በፊት ያዙ፤ የኮሎሲየም ትኬታችሁንም ሽያጩ እንደተከፈተ ግዙ።